ሽርሽርና ዙረት

ዙረት ክፉ ስም ነው። ዳንግላ ላይ በቅዳሜ ጧት አንድ ልጅ ከቤቱ ደጃፍ ሲወጣ፥ «ወዴት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ «ወደ ወፍጮ ቤት» ቢል፥ መልካም ልጅ ይባላል። «ወደ ገበያ» ቢል፥ እናቱ ጨው ወይም ሽንኩርት እንዲገዛ ታዝዘዋለች። ነገር ግን «ከተማውን ለማየት» ቢል፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይስቅበታል። «የተወለድህበትን ከተማ ደግሞ ምኑን ታየዋለህ? ይህ ዙረት ነው» ይሉታል።

ይህን የሚሉ ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። በእውነት ዘዋሪ የሚባል ሰው አለ። እርሱ ከጧት እስከ ማታ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ይሄዳል። በሄደበት ወሬ ይለቅማል፤ የለቀመውንም ወሬ ጨማምሮ ለሚቀጥለው ቤት ያደርሳል። ጠላ በተጠመቀበት ቤት ሳይጠሩት ይገባል። ማታ ሲመለስ እግሩ ደክሟል፤ እጁ ግን ምንም አልሠራም፥ ዓይኑም ምንም አላየም። እንዲህ ያለውን ሰው አባቶች ቢነቅፉት ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ በእግሩ የሚሄድ ሁሉ ዘዋሪ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ የተማረ ልጅ፥ ወይም ሳምንቱን ሙሉ የሠራ ሰው፥ በዕረፍቱ ቀን ቀስ ብሎ እየሄደ ከተማውን ቢመለከት፥ ይህ ሽርሽር ይባላል። ሽርሽርና ዙረት ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ሰው ይሄዳል፤ በሁለቱም ሰው ይቆማል። ልዩነታቸው ግን በዓይንና በአንደበት ነው። ዘዋሪ የሰውን ገመና ይመለከታል፤ ሽርሽር የወጣ ሰው የሰውን ሥራ ይመለከታል። ዘዋሪ ያወራል፤ ሽርሽር የወጣው ይጠይቃል።

በዳንግላ የሚኖር አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ራቅ ያለ ስለ ሆነ፥ ዘወትር በባጃጅ ይመላለስ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ፥ «ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በወረቀት ላይ ሣሉ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ያለውንም ሁሉ ጻፉ» ብሎ አዘዘ። ልጁ አስፋልቱን በሁለት መስመር አሰመረ። በአንዱ ጫፍ ቤቱን፥ በሌላው ጫፍ ትምህርት ቤቱን ሣለ። ከዚያ በኋላ እርሳሱን ይዞ ዝም አለ። በሁለቱ መካከል ምን እንዳለ አያውቅም ነበርና። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አልፏል፤ ነገር ግን በባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው የነጂውን ጀርባ ብቻ ነበር።

ልጁም አፍሮ ነገሩን ለአያቱ ነገራቸው። አባቱ በአጠገባቸው ተቀምጦ ነበርና፥ «መንገድ ማለት የሚያልፉበት ነው እንጂ የሚያጠኑት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አያቱ ግን አልሳቁም። «ልጄ፥ ጥፋቱ የእጅህ አይደለም፤ የእግርህ ነው። ቅዳሜ ጧት ጫማህን አድርገህ ጠብቀኝ» አሉት።

ቅዳሜ ቁርሳቸውን በልተው ወጡ። አያትየው ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር። ልጁ ግን እየቀደማቸው እየተመለሰ ያስቸግራቸው ነበር። በመጨረሻም፥ «አባባ፥ እንዲህ ከሄድን መቼ እንደርሳለን?» አላቸው።

«ወዴት ነው የምንደርሰው?» አሉት። ልጁ የሚመልሰው አጣ። አያትየውም ሳቅ ብለው፥ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህምን? ዕንቁላሉ ግን እግር እስኪያወጣ ታግሦ ነው» አሉት።

አስፋልቱን ትተው ወደ ውስጥ መንገድ ሲገቡ፥ ልጁ ብረት በብረት ላይ ሲመታ ሰማ። ይህን ድምፅ ቀድሞም ከሩቅ ይሰማው ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቆ አያውቅም። በአንድ ዳስ ሥር ቀጥቃጭ ተቀምጦ ማረሻ ይሠራ ነበር። አንድ ወጣት ወናፉን ይነፋል፤ ከሰሉ ይግላል፤ ብረቱ ቀልቶ ይወጣል፤ መዶሻው ሲያርፍበት ደግሞ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ይሄዳል። ቀጥቃጩም ብረቱን በጉጠት ይዞ ጫፉን ውኃ ውስጥ ሲነክረው፥ ውኃው ጮኸ፥ እንፋሎቱም ዳሱን ሞላው።

ልጁ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ፥ «ጋሼ፥ ለምን ውኃ ውስጥ ያገቡታል?» ብሎ ጠየቀ።

ቀጥቃጩም፥ «እንዲጠነክር ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ ግሎ ሳለ ብነክረው ይሰበራል፤ እጅግ ከበረደም አይጠነክርም። ጊዜውን የማውቀው ቀለሙን አይቼ ነው» አለው። ልጁ ይህን ሲሰማ ተደነቀ። በትምህርት ቤት ስለ ሙቀትና ስለ ቅዝቃዜ ያነበበውን ነገር፥ ይህ ሰው ያለ መጽሐፍ በዓይኑ ያውቀዋል።

ልጁ በሰፈሩ ልጆች አፍ ስለ ቀጥቃጮች ክፉ ቃል ሲነገር ሰምቶ ነበር። ይህ ስድብ በኢትዮጵያ እጅግ የቆየ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ ሸክላ የምትሠራውን ሴት፥ በእጃቸው ሥራ የሚያድሩትን ሁሉ ሰዎች ይንቋቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ለምን አልጠፋም ቢባል፥ የሚሳደበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰድበውን ሰው ሥራ ቆሞ ስላላየ ነው። ያ ልጅ ማረሻው እስኪያልቅ በዚያ ዳስ ሥር ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ክፉ ቃል ለመናገር አፉ እሺ አላለውም። ማረሻ ከሌለ ጤፍ የለም፤ ጤፍም ከሌለ በጧት የበላው እንጀራ የለም።

ከዚያ ወደ ገበያው ሄዱ። የአዊ ምድር አብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው በገበያው ዕቃ የምድሩን ጠባይ ሊያነብ ይችላል። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጥ ከፍታ አላት፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከላይ ከደጋው ድንችና ገብስ ይመጣል። ቀርከሃም የደጋ ልጅ ነው፤ ወንበርና አልጋ፥ ቅርጫትም ይሠራበታል። «ደጋ፥ ወይና ደጋ፥ ቆላ» ብሎ በቃሉ ያጠና ልጅ፥ አንድ ጧት በገበያ ቢመላለስ ትምህርቱን በእጁ ይዳስሰዋል።

በጆንያ ታስሮ የቆመው ከሰል እንኳ ታሪክ አለው። በፋግታ ለኮማ ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክላሉ። ዛፉ የአውስትራልያ ነው። ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጠው ከሰል ያደርጉታል፤ በዚያው መሬትም እንደ ገና እህል ይዘሩበታል። ልጁ ይህን ከሻጩ ሲሰማ፥ «እንግዲያስ እናቴ ቡና የምታፈላበት ከሰል ተዘርቶ የሚታጨድ ነዋ!» አለ። ሻጩ በአባባሉ በጣም ደስ አለው።

አንዲት አሮጊት ድንቻቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። አያትየው በአዊኛ ሰላምታ ሰጧቸው። አሮጊቷም እንደ ወንድም ተቀበሏቸው። ስለ ዝናቡ፥ ስለ ከብቱ፥ ስለ ሞተ ዘመድም ብዙ ተነጋገሩ። ልጁ ግን ከንግግሩ እኩሌታውን እንኳ አልሰማም። ከሄዱ በኋላ፥ «አባባ፥ ይህን ቋንቋ በቤት ለምን አይናገሩትም?» አላቸው።

አያትየው ጥቂት ዝም ብለው ሄዱ። ኋላም፥ «የሚመልስልኝ ጠፍቶ ነው» አሉት።

አዊኛ በኢትዮጵያ ፊደል ተጽፎ በአዊ ዞን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ቋንቋ በክፍል ውስጥ ብቻ አያድግም። በገበያ፥ በመንገድ፥ በደጃፍ ያድጋል፤ ይኸውም ሰው ቆሞ ሰውን በሚያነጋግርበት ስፍራ ነው። በባጃጅ ለሚያልፍ ማን ሰላምታ ይሰጠዋል? ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ በእግሩ የሚሄድም ያው ነው፤ እግሩ በመንገድ ላይ ነው እንጂ እርሱ በመንገድ ላይ የለም።

ፀሐዩ ሲበረታ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የተጠበሰ በቆሎ ገዝተው ለሁለት ተካፈሉ። የዚያ ቀን ወጪ ይህ ብቻ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ዕረፍት ያለ ገንዘብ አይሆንም ይላሉ፤ እስከ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በሐይቁ ዳር ካልተቀመጡ ያረፉ አይመስላቸውም። ጣናን ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በራሱ ሰፈር ምንም የማያይ ሰው፥ በጣና ዳርም ቢቀመጥ የሚያየው ትንሽ ነው።

በዚያ ጥላ ሥር አያትየው ስለ አንድ እንግሊዛዊ ነገሩት። ስሙ ሮበርት ቺስማን ይባላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዘመን የዐባይ ወንዝ ከጣና ወጥቶ ወደ ሱዳን እስኪገባ ድረስ የሚያልፍበት ሸለቆ በካርታ ላይ በሚገባ አልተሣለም ነበር። ቺስማን በበቅሎና በእግር እየተጓዘ ሸለቆውን ተከተለ፤ ጣናንም ዞረ፤ ያየውንም ጻፈ። በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዐባይ መጽሐፉን አሳተመ። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ዘመን የጣናን ውኃ ይፈልግ ነበርና፥ ቆንስሉ በዚህ አገር የተቀመጠው ለዳንግላ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ይህን መዘንጋት አይገባም። ቢሆንም ያን ሁሉ ዓመት ያደረገውን ነገር አያትየው በአጭሩ ሲናገሩ፥ «ሄደ፥ አየ፥ ጠየቀ፥ ጻፈ» አሉት። ቀጥለውም፥ «እርሱ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ያጠናውን ምድር፥ አንተ ከበርህ ሦስት መቶ እርምጃ ርቀህ አታውቀውም» ብለው በከዘራቸው ጫማውን ነካ አደረጉት።

ደግሞም ብዙ ለማወቅ ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም። ካንት የሚባለው የጀርመን ፈላስፋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1724 በኮኒግስበርግ ከተማ ተወለደ፤ በ1804 በዚያችው ከተማ ሞተ። ከዚያ አገር ርቆ አልሄደም። ነገር ግን በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ለሽርሽር ይወጣ ነበር፤ ጎረቤቶቹም እርሱ ሲያልፍ አይተው ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር ይባላል። ካንትን ዘዋሪ ብሎ የነቀፈ ሰው አልተሰማም።

ዳንግላን እንደዚህ ያየ ልጅ፥ ሌላ ከተማ ሲሄድም ዓይኑ አያርፍም። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ራሱ ቅዳሜን ይጠራል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ስሙን በሰሌዳ ላይ ያነባል፤ ወርዶ የሚሄድ ሰው ግን ለምን እንዲህ ተባለች ብሎ ሽማግሌ ይጠይቃል። እንጅባራም ኮሶበር የሚል ሌላ ስም አላት። ይህን ስም የሰማ ልጅ የኮሶ ዛፍ የቱ ነው ብሎ መፈለጉ አይቀርም፤ ዛፉንም ካገኘ፥ በድሮ ዘመን ሰዎች ለኮሶ በሽታ አበባውን ይጠጡት እንደ ነበረ ይነግሩታል። እንዲህ አንዱ ስም ወደ ዛፍ፥ ዛፉም ወደ መድኃኒት ይመራል።

በእንጅባራ መንገድ ፈረስ ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። ጥር 23 ቀን ግን የአገው ፈረሰኞች ተሰብስበው፥ ፈረሶቻቸውን ሸልመው በዓል ያደርጋሉ። በዓሉ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ያስታውሳል። በዚያ ቀን እንግዳ ሁሉ ይመጣል፤ ሁሉም ያያል። በማናቸውም ሌላ ቀን ግን ለአንዱ ፈረስ ኮርቻውን ሲሰፉለት ማየት የሚችለው ቀስ ብሎ የሚሄድ የከተማው ልጅ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ደግሞ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ውኃ ሞልቶበት የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው። ከአስፋልቱ እጅግ ቅርብ ሆኖ ሳለ፥ ብዙ መንገደኛ እንቅልፉን እየተኛ ያልፈዋል።

እንግዲህ ልጅ ይሂድ ከተባለ፥ የሚሄድበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። እግረኛ በሚሄድበት ዳር ባጃጅ ከቆመ፥ ሱቅም ዕቃውን ከዘረጋ፥ ልጁ ወደ መኪና መንገድ ይወጣል። ክዳን የሌለው ቦይ በክረምት ጎርፍ ሲሞላ ጥልቀቱ አይታይም፤ ለትንሽ ልጅና ለሽማግሌ ያስፈራል። ለጥላ የሚሆን ዛፍ ከተቆረጠ ደግሞ ሽማግሌው የሚያርፍበት አያገኝም፤ ሽማግሌው ካልወጣም ለልጁ የድሮውን ነገር የሚነግረው የለም። እነዚህ ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ፤ ከተማን የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከአስፋልት በኋላ የሚያስቧቸው ናቸው። ነገር ግን እንደ ዳንግላ ያለች ከተማ በእግር የምትዳረስ መሆኗ ትልቅ ሀብት ነው፤ ይህም ሀብት እንደ ማንኛውም ሀብት ካልጠበቁት ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ሆነ። በብዙ ከተሞች ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ መንገዶች ብዙ ጊዜ ተዘጉ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ልጆች በቤት ቀሩ። ሰዎች በዚያ ጊዜ ስላጡት ነገር ሲናገሩ፥ ስለ ሞቱት ዘመዶች፥ ስለ ገበያውና ስለ ትምህርቱ ይናገራሉ፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን ከጠፋው ነገር አንዱ ይህም ነበር፤ ሽማግሌና ልጅ ሳይቸኩሉ፥ ዙሪያቸውን ሳይጠራጠሩ፥ በገዛ ሰፈራቸው መሄድ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወላጅ «ዛሬ አትውጣ» ቢል፥ ልጅ ያለ ጥያቄ መታዘዝ ይገባዋል። ሰላም ባለበት ቅዳሜ ግን ያን ሰላም በቤት ዘግቶ ማሳለፍ ያሳዝናል።

አያትየውና ልጁ ከከተማዪቱ ጫፍ ካለው ጅረት ደርሰው፥ እግራቸውን ታጥበው፥ በሌላ መንገድ ተመለሱ። ሰኞ ልጁ መንገዱን በአዲስ ወረቀት ሣለ። የቀጥቃጩን ዳስ፥ በበረንዳ ላይ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ፥ ትልቁን ዛፍ፥ ክዳን የሌለውን ቦይ፥ አሮጊቷ የተቀመጡበትን ስፍራ አመለከተ። መምህሩ ጥቂት የፊደል ስሕተት አገኘበት፥ እርሱንም አረመለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ጫማውን አድርጎ ወደ በሩ ሄደ። አባቱ ከመደቡ ላይ ሆኖ፥ «ወዴት ነው? ደግሞ ለዙረት?» አለው።

ልጁም ከደጃፋቸው ጀምሮ እስከ ጅረቱ ድረስ የሚያልፍባቸውን ቤቶች፥ የባለቤቶቹንም ስምና ሥራ አንድ በአንድ ቆጠረለት። አባትየው በዚያ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ከተቆጠሩት ስሞች ግን ሦስቱን አላወቃቸውም። ጥቂት አሰበና ነጠላውን አንሥቶ፥ «ቆይ እስቲ፥ ጠብቀኝ» አለ።